የባዮጋዝ ሒሳብ፦ ከእበትና ከፋብሪካ ተረፈ ምርት መቼ ይተረፋል?

በረት ውስጥ የሚያድሩ አራት የቀንድ ከብቶች ጠዋት ለግጦሽ ሲወጡ 30 ኪሎ ግራም ገደማ እበት ጥለው ይሄዳሉ። በብዙ የደጋ ቤት ይህ እበት ተጠፍጥፎ፣ በፀሐይ ደርቆ ኩበት ይሆናል። በመጠኑ ውሃ ተበጥብጦ አየር ወደማይገባው የማብላያ ጉድጓድ ቢገባ ግን በቀን አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይሰጣል። የአንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ሙቀት ከግማሽ ሊትር ናፍጣ ትንሽ ከፍ ይላል። ለወጥና ለቡና የሚሆን አንድ ምድጃ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ያነዳል።

ይህን የሰማ ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ቆሻሻው በነፃ የተገኘ ስለሆነ የሚወጣው ሁሉ ትርፍ ነው። በዚህ ስሌት ተገንብተው ቆመው የቀሩ ማብላያዎች በሀገራችንም በሌላውም ዓለም ብዙ ናቸው። ቴክኖሎጂው አልከዳቸውም። የጎደለው ሒሳቡ ነው። ጋዙ ምን ያህል እንደሚወጣ ብቻ ተቆጥሮ፣ ጋዙ የምንን ቦታ እንደሚተካ፣ ቆሻሻው ከየት እንደሚመጣ፣ በዓመት ስንት ወር እንደሚገኝና ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ የት እንደሚገባ ሳይቆጠር ይቀራል። ባዮጋዝ የሚያተርፈውም የሚያከስረውም በእነዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነውን ባጭሩ እንይ። ሥራውን የሚሠሩት በላም ሆድ ውስጥ ሣር የሚያብላሉት ዓይነት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ስብን፣ ፕሮቲንንና ስኳርነት ያለውን ነገር ደረጃ በደረጃ ይፈጩትና በመጨረሻ ሚቴን ይለቃሉ። ከሚወጣው ጋዝ ከ50 እስከ 70 በመቶው ሚቴን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ቧንቧና ሞተር የሚበላ ጥቂት ሃይድሮጅን ሰልፋይድም አለበት። ተሕዋስያኑ በደንብ የሚሠሩት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቅዝቃዜ ሲበረታ ሥራቸው ይዘገያል፤ እበቱ ጉድጓዱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ጉድጓዱ መስፋት አለበት፤ ሲሰፋ ደግሞ ሲሚንቶውም የግንበኛው ዋጋም ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ለአራት ከብት የሚሠራ ማብላያ አዋሽ ሸለቆ ላይ ከሚሠራው በዋጋ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚገባው ነገር ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አንድ ቶን ውሃማ የከብት ፍግ የሚሰጠው ከ20 እስከ 25 ሜትር ኩብ ጋዝ ነው። አንድ ቶን የምግብ ትርፍራፊ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ይሰጣል። ቅባት ያለበት የቄራ ተረፈ ምርት ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። እንጨትና እንጨትነት ያለው ገለባ ግን አይብላላም። እንደ ሸንኮራ አገዳ ገለባ ያለ ደረቅ ነገር ለእሳት ይስማማል፤ እርጥቡ ነው የማብላያው ድርሻ። የከተማ ቆሻሻም እርጥብ ከሆነ በማቃጠያ ጣቢያ ውስጥ ከሚያመነጨው ሙቀት ቀላል የማይባለው የራሱን ውሃ ለማትነን ይውላል። ማብላያው ግን ያንኑ ውሃ ይፈልገዋል።

ወደ ገበሬው ቤት እንመለስ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የባዮጋዝ ማብላያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1957/58 በአምቦ የግብርና ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዓላማውም የእርሻ መሣሪያ ለመበየድ የሚሆን ኃይል ማግኘት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት እዚህም እዚያም የተሠሩት ብዙዎቹ ቆመው ቀሩ፦ ውሃ ጠፋ፣ ከብቱ አነሰ፣ የተበላሸ ቫልቭ የሚቀይር ባለሙያ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2009 የብሔራዊ ባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሲጀመር ከኔፓል የተወሰደውን ጉልላት ዓይነት ማብላያ ለሀገሩ አስተካክሎ «ስንዱ» የሚል ስም ሰጠው። በአምስት ዓመት 14,000 ለመገንባት ታቅዶ ከ8,000 በላይ ተገነባ። ቁጥሩ ከዕቅዱ ያነሰ ቢሆንም ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ እጅግ ይበልጣል። ከወጪው ከፊሉ በድጎማ የተሸፈነ ሲሆን፣ ቀሪውን ገበሬው በብድር፣ በጉልበቱ፣ በድንጋይና በአሸዋ ሸፈነ።

ይህ ገበሬ ምን ያገኛል? ጋዙን ብቻ ካሰብን በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ ስድስት ኪሎ ያህል የማገዶ እንጨት በየቀኑ ይቀርለታል። በዓመት ሁለት ቶን ይሆናል። እንጨት በሸክም ገዝቶ ለሚያነድ ቤተሰብ ይህ በጥሬ ገንዘብ የሚቆጠር ቁጠባ ነው። እናትና ልጆች ከጫካና ከአጥር ሥር ለቅመው ለሚያመጡበት ቤት ግን ከኪስ የሚወጣ ብር ስለሌለ፣ ባልየው ብድሩን የሚከፍልበት ገንዘብ ከጋዙ አያገኝም። ቁጠባው የሚስቱና የልጆቹ ጊዜ፣ ጀርባና ሳንባ ነው። የቤት ባዮጋዝን አትራፊነት በብር ብቻ የሚለካ ጥናት ትልቁን ተጠቃሚ ከሒሳቡ ያስወጣል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በተቃራኒው በኩልም እኩል መቁጠር ያስፈልጋል፦ 30 ኪሎ እበት 30 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ማለትም በየቀኑ አንድ ጀሪካን ተኩል። ምንጩ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ ከእንጨት ሸክም የተረፈችው ሴት ወደ ውሃ ሸክም ተዛወረች እንጂ አላረፈችም። የከብት ሽንት በቦይ ወደ መበጥበጫው እንዲገባ ማድረግ ከውሃው የተወሰነውን ይተካል፤ የበረቱን ወለል ግን አስቀድሞ በድንጋይ ማንጠፍን ይጠይቃል።

እንጀራ ሌላው ቁም ነገር ነው። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ደግሞ ለድስት እንጂ ከዳር እስከ ዳር እኩል መጋል ላለበት ሰፊ ምጣድ አልተሠራም። ለባዮጋዝ የሚሆን ምጣድ ለመሥራት ሙከራዎች ተደርገዋል፤ ሆኖም ምጣዱ በአንድ ጊዜ ብዙ ጋዝ ስለሚፈልግ የትንሽ ማብላያ ክምችት አይበቃውም። ስለዚህ ባዮጋዝ የገባበት ቤትም እንጀራ በሚጋገርበት ቀን በጭስ መሞላቱ አልቀረም። ፕሮጀክት ነዳፊ ይህን ረስቶ «ማገዶን ሙሉ በሙሉ ይተካል» ብሎ ሲጽፍ፣ የተሳሳተ ቁጥር ባንክ ድረስ ይሄዳል።

ታዲያ የገበሬውን ሒሳብ ወደ ትርፍ የሚያዞረው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ በአንድ አረፍተ ነገር የሚታለፈው ባዮስለሪ ነው፤ ማለትም ከማብላያው በሌላው አፍ የሚወጣው የተብላላ ዝቃጭ። በጋዝነት የሚወጣው በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ስለሆነ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ከሞላ ጎደል እዚያው ይቀራሉ። እናስላው። ትኩስ እበት በቶን አምስት ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለው። 30 ኪሎ በቀን ማለት በዓመት 11 ቶን እበት፣ ማለትም 55 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ይህ ከአንድ ኩንታል በላይ ዩሪያ ይሆናል። በአያያዝ ጉድለት ግማሹ ተንኖ ቢጠፋ እንኳ 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ ዩሪያ ይተርፋል። ያው እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ማሳው የሚያገኘው ቢበዛ አመድ ነው።

ኢትዮጵያ ማዳበሪያዋን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ በዶላር ትገዛለች። እ.ኤ.አ. በ2021 እና 2022 የዓለም ዋጋ ሲንር የከበደው ሸክም ያረፈው በገበሬው ትከሻ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ማብላያ ያለው ሰው ከጓሮው የሚያገኘው የማዳበሪያ ዋጋ ከጋዙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ስለሪውን እንደ ፍሳሽ አለመተው ነው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ አሞኒያው ይተናል። ከጭድና ከቅጠላ ቅጠል ጋር በጥላ ሥር በተከለለ ጉድጓድ ብስባሽ የሚያደርገው ገበሬ የድካሙን ያገኛል። ስለዚህ የባዮጋዝ ባለሙያ ገበሬ ቤት ሲገባ ምድጃውን ከማየቱ በፊት የስለሪውን ጉድጓድ ቢያይ ማብላያው በሚቀጥለው ዓመት ይሠራ እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

የፋብሪካው ሒሳብ ሌላ ነው። በቀን 10 ቶን እርጥብ ተረፈ ምርት የሚጥል አንድ የፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ወይም ቄራ እንውሰድ። በቶን 100 ሜትር ኩብ ብንቆጥር በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ጋዝ ያገኛል። ጋዙን በጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ቢያደርገው 2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወጣዋል። ቦይለር ላይ ቢያነደው ግን ከ500 ሊትር በላይ ናፍጣ ይተካለታል። ያው ጋዝ ነው፤ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የናፍጣ ዋጋ በሊትር ከ90 ብር በላይ ገባ። በውሃ ኃይል የሚመነጨው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ፣ ታሪፉ እየተሻሻለ ቢመጣም፣ በኪሎ ዋት ሰዓት የጥቂት ብር ጉዳይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ የሚተካ ጋዝ ኤሌክትሪክ ቢሆን አራት ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ያም ቢሆን ጄኔሬተር መግዛት፣ ሰልፋይዱን ማጣራት፣ በየተወሰነ ሰዓት ዘይት መቀየር አለበት። ስለዚህ እኛ ሀገር ለዋናው መሥመር ኤሌክትሪክ እሸጣለሁ ብሎ ባዮጋዝ የሚገነባ ሰው ከርካሽ ግድብ ጋር ይወዳደራል። ጥቁር ናፍጣ የሚያነድ ቦይለር ያለው ሰው ግን ከውድ ነዳጅ ጋር ነው የሚወዳደረው፤ ያሸንፋልም። የመብራት መቆራረጥ ሥራ የሚያቆምበትና በናፍጣ ጄኔሬተር የሚተካ ድርጅትም ከሁለተኛው ወገን ነው።

አሁን መኪናውን እንጨምር። ብዙ የጋራ ማብላያ ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ነው። አሥር ቶን የሚጭን ቦቴ ውሃማ የከብት ፍግ ሞልቶ ሲሄድ የያዘው ጋዝ ከ200 እስከ 250 ሜትር ኩብ ነው፤ በናፍጣ ሲተመን ከ110 እስከ 140 ሊትር። መኪናው ራሱ ለመቶ ኪሎ ሜትር ከ30 ሊትር በላይ ይጠጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ቶን ፍግ ጋዙን ከሰጠ በኋላ ክብደቱ እምብዛም አይቀንስም፤ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ 1.2 ኪሎ ግራም ብቻ ነውና ከገባው አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። ያም ወደ ማሳ መጓጓዝ አለበት። የሾፌሩ ደመወዝ፣ ጎማው፣ መጫኛና ማራገፊያው ሲደመር ውሃ በመኪና ማመላለስ እንደሆነ ይታያል። ውሃማ ፍግ አጠገቡ ወዳለ ማብላያ ይገባል እንጂ ሩቅ አይጓዝም። የምግብ ትርፍራፊና የቅባት ዝቃጭ በቶን አራት አምስት እጥፍ ጋዝ ስላላቸው ረዘም ያለ መንገድ ይችላሉ።

«ቆሻሻ» የሚለውን ቃልም ጠንቀቅ ብሎ መያዝ ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ከምግብ ማቀነባበሪያ የሚወጣው አብዛኛው ነገር ገዢ አለው። የዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካ፣ የዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ፣ የጠላና የቢራው አተላ የወተት ላምና የሚደልብ በሬ የሚጠብቃቸው መኖዎች ናቸው። ጭዱም እንዲሁ። ፋጉሎን ማብላያ ውስጥ መጨመር ጥሩ ጋዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን ወተት የሚሆነውን ነገር ለእሳት መስጠት ነው፤ የመኖ ዋጋንም ያንራል። ለማብላያ የሚገባው ገዢ ያጣው ብቻ ነው፦ የቄራ ፈርስ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬና አትክልት፣ የወተት ማቀነባበሪያ እጣቢ፣ የአልኮል ፋብሪካ ዝቃጭ፣ የቡና ገለፈት።

የቡናው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በሲዳማ፣ በጌዴኦና በጅማ የእርጥብ ቡና ማጠቢያዎች ቀይ እሸት ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ሆኖ ይወጣል። በቀን 20 ቶን እሸት የሚቀበል ማጠቢያ ስምንት ቶን ገለፈት ይከምራል፤ ስኳርነት ያለው እጣቢ ውሃውም ወደ ወንዝ ከወረደ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውን ይገድላል፤ ከታች ያለው መንደርም ውሃው ይሸተዋል። ለባዮጋዝ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ ቡና የሚታጠበው በመኸር ጥቂት ወራት ብቻ መሆኑ ነው። ለስምንት ቶን የተገነባ ማብላያ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የባንክ ወለድ ግን በየወሩ ይቆጠራል። በዚያ ላይ ገለፈቱ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ኖራ ወይም እበት ካልተጨመረበት ተሕዋስያኑን ያፍናል፤ ተሕዋስያኑም ዓመቱን ሙሉ ካልተመገቡ በሚቀጥለው መኸር እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። እንደ እኔ አስተያየት ለአንድ አነስተኛ ማጠቢያ የሚያዋጣው ገለፈቱን ብስባሽ አድርጎ ለቡናው እግር መመለስ ነው። ባዮጋዝ የሚያስኬደው ገለፈቱ በጉድጓድ ታፍኖ የሚቆይበት ዘዴ ሲኖርና አጠገቡ በተረፉት ወራት እበት የሚያቀርብ የከብት እርባታ ሲገኝ ነው።

የሌላ ሀገር ተሞክሮ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ ጀርመን ትነሣለች። እዚያ ከ9,000 በላይ ማብላያዎች አሉ። የገነባቸው ግን የጋዝ ገበያ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ ነው፤ ለ20 ዓመት ከገበያ ዋጋ በላይ የሆነ የተረጋገጠ ክፍያ ለኤሌክትሪኩ ሰጠ። በ2004 ለኃይል ተብሎ ለሚዘራ ሰብል ተጨማሪ ክፍያ ሲፈቀድ ገበሬው ከፍግ ይልቅ በቆሎ ማብላያ ውስጥ መጨመር ጀመረ፤ አንድ ቶን የታፈነ በቆሎ 200 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይሰጣልና። ማሳው ከምግብ ጋር መሻማት ሲጀምር ክርክሩ ጦፈ፤ በ2014 ክፍያው ሲቀነስ አዲስ ግንባታ ቆመ ለማለት ይቻላል። ዴንማርክ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በርካታ ገበሬዎች የሚጋሩት ማብላያ ገነባች፤ ቦቴው ፍግ ይወስዳል፣ ሲመለስ የተብላላውን ያመጣል፤ የቄራና የምግብ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ተቀላቅሎ ጋዙን ያበዛዋል። ድጎማ እዚያም ነበር፣ አሁንም አለ። ነገር ግን ፍግን ስለማከማቸትና ስለመበተን የወጣው ጥብቅ ሕግ ገበሬው ራሱ ማብላያውን እንዲፈልገው አደረገ። ዛሬ በሀገሪቱ የጋዝ መሥመር ከሚሄደው ጋዝ ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ተጣርቶ የገባ ባዮጋዝ ነው።

ከዴንማርክ የሚወሰደው ቁልፍ ነገር ፋብሪካው ቆሻሻውን ለሚቀበለው ማብላያ ገንዘብ መክፈሉ ነው። በአውሮፓ ለብዙ የቆሻሻ ማብላያዎች ይህ የመቀበያ ክፍያ ትልቅ የገቢ ምንጭ ነው፤ ፋብሪካው የሚከፍለው ሌላ ቦታ መጣል የበለጠ ስለሚያስወጣው ነው። እኛ ዘንድ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ወንዝ ውስጥ መልቀቅ በተግባር ወጪ የሌለው ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ግን ማንም ለማብላያ አይከፍልም። ወጪውን የሚሸፍነው በአቃቂ ወንዝ አትክልት የሚያጠጣው ገበሬና ያንን አትክልት የሚበላው ከተሜ ነው። ማብላያን አዋጪ ለማድረግ አዲስ ድጎማ ከመፈለግ በፊት ይህን አዋጅ በፋብሪካው በር ላይ ማስፈጸም ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

አልኮል ክፍል ያላቸው የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ጉዳይ ሁሉንም ነጥብ አንድ ላይ ያሳያል። የስኳር ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ አንድ ሊትር አልኮል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር ጥቁር ዝቃጭ ይከተለዋል። ዝቃጩ ሞቆ ስለሚወጣ ማሞቂያ አይፈልግም፤ በመኪና ሳይሆን በቧንቧ ይሄዳል፤ መኖም አይሻማም፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ደግሞ ለአገዳው ማሳ ይጠቅማል። በሌላ በኩል ስኳር ፋብሪካ የአገዳውን ገለባ እያነደደ እንፋሎቱንም መብራቱንም ራሱ ያመነጫል፤ አገዳ በሚፈጭበት ወቅት ጋዙ የሚተካው ውድ ነዳጅ አይኖርም ማለት ነው። ዋጋ የሚያወጣው ፋብሪካው ለጥገና በሚቆምባቸውና አልኮል ክፍሉ ከተከማቸ ሞላሰስ በሚሠራባቸው ወራት ነው። የቀረው ትርፍ የፍሳሹ ጉዳት መቀነሱ ነው፤ ይህም በፋብሪካው መዝገብ ውስጥ የሚገባው ሕጉ ሲያስገድድ ነው።

ዛሬ ባለው ዋጋ ሒሳቡ የሚሞላላቸው ቦታዎች አሉ። በሰበታ፣ በሱሉልታና በቢሾፍቱ ዙሪያ ከብቶቻቸውን ቀኑን ሙሉ አስረው የሚቀልቡ የወተት እርባታዎች እበቱ አንድ ቦታ ይከማችላቸዋል፤ ውሃ በቧንቧ ይገባላቸዋል፤ ወተት ለማሞቅና ዕቃ ለማጠብ ሙቅ ውሃ በየቀኑ ይፈልጋሉ። ስለሪውንም አጠገባቸው ያለ አትክልት አምራች ይወስደዋል። እበት መጣያ ቦታ አጥተው ከጎረቤት ጋር የሚጋጩት እነዚሁ ናቸው። እንዲሁም ለውጭ ገበያ የሚያርዱ የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራዎች ዓመቱን ሙሉ ሙቅ ውሃ ያፈላሉ፤ ፈርስም ዓመቱን ሙሉ ይወጣቸዋል፤ ደሙ ናይትሮጅኑ ስለሚበዛ ብቻውን ከገባ በሚፈጠረው አሞኒያ ተሕዋስያኑን ይጎዳል፤ ከፈርሱ ጋር በልክ ሲቀላቀል ግን ይሠራል። እንዲህ ያለ ድርጅት ማብላያ ሲያስብ አስቀድሞ የአንድ ዓመት የቦይለር ነዳጅ ደረሰኙንና በየወሩ የሚጥለውን ተረፈ ምርት በሚዛን ለክቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የቫልቭ፣ የቧንቧና የማጣሪያ ጥገና የሚችል አንድ ቋሚ ሠራተኛ ደመወዝም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወጪው ዓምድ ውስጥ ይግባ።